ኤቲፒ ሴል ላይ ሲጨመር የሚሠሩ ስህተቶች፦ በመከላከያ ሴሎችና በደም ሥር ላይ ለሚመራመሩ

ኤቲፒ ሴል ውስጥ እያለ የኃይል ምንጭ ነው፤ ከሴል ሲወጣ ግን መልእክት ይሆናል። መልእክቱን የሚቀበሉት ሁለት የሪሴፕተር ቤተሰቦች ናቸው። ፒ2ኤክስ የሚባሉት ሰባቱ ኤቲፒ ሲይዛቸው ተከፍተው ካልሲየምና ሶዲየም የሚያስገቡ ቻናሎች ሲሆኑ፣ በሰው ስምንት የሆኑት ፒ2ዋይ የሚሠሩት መልእክቱን ሴሉ ውስጥ በሚያስተላልፈው በጂ ፕሮቲን በኩል ነው። በዚህ ዘርፍ የተሳሳተ ድምዳሜ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሪሴፕተሩን ካለማወቅ አይደለም። ከፒፔት የወጣው ነገር ሴሉ ጋ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ካለመጠየቅ ነው።

ስቶኩን (አስቀድሞ የተዘጋጀውን ወፍራም የኤቲፒ ብጥብጥ) ሳያስተካክሉ መጨመር። ዳይሶዲየም ኤቲፒ በውሃ ብቻ 100 ሚሊሞላር ሆኖ ሲሟሟ ፒኤቹ 3 አካባቢ ነው። ማክሮፌጅ (ጀርም የሚውጥ የመከላከያ ሴል) ላይ 5 ሚሊሞላር ሲጨመር አሲዱም አብሮ ይገባል፤ ሴሉ ቢሞት የገደለው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 7.4 ያምጡት። ዱቄቱ ውሃ ስለሚይዝ ሚዛኑን ብቻ አይመኑ፤ ብርሃን የመምጠጥ መጠኑን በ259 ናኖሜትር ለክተው፣ በኤቲፒ የመምጠጫ ቁጥር በ15,400 (በሞላር በሴንቲሜትር) ያስሉ። ከዚያ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍለው ያቀዝቅዙ። ካልሲየምና ማግኒዚየም ኤቲፒን ስለሚይዙትና ፒ2ኤክስ7ን ስለሚያዳክሙት፣ ቡፈር ሲቀየር ዶዙም እንደተቀየረ ይቁጠሩት።

የተገዛውን ኤዲፒ (ኤቲፒ አንድ ፎስፌት ሲቀንስ የሚሆነውን) ንጹሕ ነው ብሎ ማመን። ውስጡ ትንሽ ኤቲፒ አይጠፋም፤ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ) ላይ ያለው ፒ2ኤክስ1 ደግሞ ለዚያችም ትንሽ ይነሳል። ሄክሶካይኔዝ የተባለውን ኤንዛይምና ግሉኮስ ጨምሮ ጥቂት ማቆየት ኤቲፒውን ወደ ኤዲፒ ይለውጠዋል። ፕሌትሌት ሲታጠብም ኤቲፒን የሚቆርጠው ኤንዛይም አፒሬዝ ካልተጨመረ፣ ከተጎዱ ሴሎች የሚፈሰው ኤቲፒ ፒ2ኤክስ1ን አስቀድሞ አድክሞት ይቆያል።

ሰዓቱን መርሳት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሲዲ39 የተባለው ኤንዛይም ኤቲፒን እስከ ኤኤምፒ (አንድ ፎስፌት ብቻ ያለው) ይቆርጣል፣ ሲዲ73 ደግሞ ኤኤምፒን ወደ አዴኖሲን። የደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴል ሁለቱንም ይዟል፤ የጥጃ ሴረምም ራሱ ኑክሊዮታይድ ይበላል። ጠዋት ኤቲፒ ጨምሮ ማታ እብጠት ቀስቃሽ ሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲን) ቀንሶ ያገኘ ሰው፣ ያየው ምናልባት የአዴኖሲኑን ኤ2ኤ ሪሴፕተር ሥራ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በአንዱ የሳህን ጉድጓድ አዴኖሲንን የሚያጠፋውን ኤንዛይም አዴኖሲን ዲአሚኔዝ ይጨምሩ፣ በሌላው ኤ2ኤን ይዝጉ። ውጤቱ ከጠፋ ወሬው የኤቲፒ አልነበረም።

ካልሲየም ከፍ ስላለ ብቻ «ፒ2ኤክስ ነው» ማለት። ፒ2ዋይ2ም ጂኪው በተባለው ጂ ፕሮቲን በኩል ካልሲየምን ከሴሉ ማከማቻ ያስወጣል። ካልሲየም በሌለው ቡፈር፣ ካልሲየምን የሚይዘውን ኢጂቲኤ ጨምረው ይድገሙት፤ የመጀመሪያው ጫፍ ሳይጠፋ ከታየ ምንጩ ውስጣዊ ነው። ሌላውን ጂ ፕሮቲን ጂአይን ለመዝጋት ፐርቱሲስ ቶክሲን የሚጠቀሙ ደግሞ ሌሊቱን ያቆዩት፤ ግማሽ ሰዓት አይበቃውም።

ቤንዞይል ኤቲፒን (የተለወጠ ኤቲፒ ነው) የፒ2ኤክስ7 ማስረጃ ማድረግ። ፒ2ኤክስ1ንም ፒ2ዋይ11ንም ይቀሰቅሳል። ሱራሚን የተባለው ማገጃም መራጭ ባለመሆኑ ያው ነው፤ ብዙ ሪሴፕተሮችን ከመዝጋቱ በላይ ቆራጮቹን ኤንዛይሞችም ያግዳል። እንደ ኤ-438079 ያለ መራጭ ማገጃ ይሻላል። አይጥ ላይ የሚሠራ ሰው ዘሩን ይመልከት፦ ሲ57 ብላክ 6 በ451ኛው አሚኖ አሲድ ላይ ፒ2ኤክስ7ን የሚያዳክም ለውጥ አለው፣ ባልብሲ የለውም። ፒ2ዋይ11 ደግሞ አይጥ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ክሎፒዶግሬልን በቀጥታ ሴል ላይ ማድረግ። መድኃኒቱ ፒ2ዋይ12ን የሚዘጋው ጉበት ከለወጠው በኋላ ነው፤ ሳህን ላይ ጉበት የለም። የጉበት ለውጥ የማይፈልገውን ካንግሬሎር ይጠቀሙ። ቲካግሬሎርም ይሠራል፣ ግን አዴኖሲን ወደ ሴል እንዳይገባ ስለሚያግድ ከላይ ያልነውን የአዴኖሲን ችግር ይዞ ይመጣል።

የደም ሥር ቀለበትን ሽፋኑን ሳያረጋግጡ መለካት። ኤቲፒ ከውስጠኛው ሽፋን በኩል ናይትሪክ ኦክሳይድ አስወጥቶ ሥሩን ያላላል፤ ሽፋኑ ተፍቆ ከሆነ ግን ጡንቻው ላይ ባለው ፒ2ኤክስ1 ያኮማትረዋል። ቀድመው፣ ሽፋኑ ካለ ሥሩን በሚያላላው በአሴቲልኮሊን ይፈትሹ።

የሞተ ሴልን ኤቲፒ «የተለቀቀ» ብሎ መቁጠር። ስሌቱን ይመልከቱ፦ አንድ ሴል በግምት 1 ፒኮሊትር ቢሆንና ውስጡ 5 ሚሊሞላር ቢይዝ፣ አንድ ሚሊዮን ሴል 5 ናኖሞል አለው። ከመቶ አንዱ ብቻ ቢፈነዳ በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 50 ናኖሞላር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ብዙዎች በሉሲፈሬዝ (ኤቲፒ ሲያገኝ ብርሃን በሚሰጥ ኤንዛይም) ለክተው «ምልክት» የሚሉት መጠን ነው። ስለዚህ ከዚያው ናሙና፣ ሴል ሲፈነዳ የሚወጣውን ኤንዛይም ኤልዲኤች ይለኩ። ሚዲየም መቀየር ብቻውን የደም ሥር ሴልን ኤቲፒ ያስለቅቀዋል፤ ከቀየሩ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይነኩት ይተዉት፣ ናሙናውንም ከላይ ቀስ ብለው ቀድተው ወዲያው በረዶ ላይ ያድርጉት።