የአሳይመንት ኦዲዮ ከተቀረጸ በኋላ፦ ሚክስ፣ ማስተር፣ ከዛ ቴሌግራም

እንበልና የግሩፕ አሳይመንት ነው፣ 10 ደቂቃ የሬዲዮ ዶክመንተሪ፣ ኢንተርቪውም ትረካውም በስልክ ተቀርጿል። የሚቀረው ድምፆቹን ማመጣጠን (ሚክስ) እና መጨረሻ ላይ ሙሉውን ማስተካከል (ማስተር) ነው። ላፕቶፕ ላይ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ጫኑ፣ ነፃ ስለሆነ ክራክ ፍለጋ ሄዳችሁ ቫይረስ አትልቀሙ። ኤምፎርኤ (ብዙ ስልክ የሚቀርጽበት የፋይል አይነት) ወይ የቴሌግራም ቮይስ አልከፍት ካለ ኤፍኤፍምፔግ የሚባለውን ጫኑለት፣ ይከፍታል። ኦሪጅናሉን ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ በየመሀሉ ሴቭ በሉ።

ኢፌክት ከመንካታችሁ በፊት ንግግሩን ቆርጣችሁ ጨርሱ። ግን እያንዳንዷን "እእ" እና ትንፋሽ ለቅማችሁ አታውጡ፣ አንድ አዛውንት ዝም ብለው አስበው ከመለሱ ያ ዝምታ ራሱ ወሬ ነው፣ ተዉት።

ከዛ ድምፁን ማጽዳት። መጀመሪያ ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን የታች ድምፅ የሚቆርጥ ኢፌክት) 80 ኸርዝ ላይ፣ የታክሲውን ጉርምርምታና የንፋሱን ድብድብታ አብዛኛውን ያነሳላችኋል። ቀጥሎ ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ማለትም ከጀርባ ያለውን ጩኸት መቀነሻ፦ ማንም የማያወራበትን ሁለት ሶስት ሰከንድ ሴሌክት አድርጋችሁ ኖይዝ ፕሮፋይሉን (የጩኸቱን ናሙና) ውሰዱ፣ ከዛ ሙሉውን ሴሌክት አድርጋችሁ አስኪዱት። የሚቀነሰውን መጠን እኔ ከ6 እስከ 9 ዲቢ (ዴሲቤል) ይበቃል ባይ ነኝ፣ ሲበዛ ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ "ሰ" እና "ሸ"ም ቶሎ ይበላሻሉ። ይሄ ነገር የሚሰራው ለፍሪጅና ለጄኔሬተር አይነት አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን አይለቅም፣ ስለዚህ ትረካው ከሆነ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ እንደገና ቅረጹት፣ ኢንተርቪው ከሆነ ደግሞ ተራኪው "ዝናብ እየዘነበ ነበር" ብሎ ይለፈው፣ አድማጭ ቅር አይለውም።

ሙዚቃ ላይ ነው ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሸው። በኢርፎን ሲሰማ ያምራል፣ በስልክ ስፒከር ሲሰማ ግን ክራሩ ሰውየውን ውጦታል። ሙዚቃውን ከላይ፣ ንግግሩን ከስሩ ባለው ትራክ አድርጋችሁ፣ ሙዚቃውን ሴሌክት አድርጋችሁ አውቶ ደክ በሉት፣ ሰው ሲያወራ ራሱ ዝቅ ይላል፣ አሁንም ከተጋፋ ጨምራችሁ ዝቅ አድርጉት። የታወቀ ዘፈን ግን አትክተቱ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ዩቲዩብም ራሱ ለይቶ ይይዘዋል። ክራር ወይ ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ አይጠፋም፣ አንድ ደቂቃ ያስቀርጻችሁ፣ መፍቀዱን በቴክስት ጻፍ በሉት፣ ስሙንም መጨረሻ ላይ ጥቀሱ።

ማስተሪንግ የሚባለው ለእንደዚህ አይነት ስራ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ኮምፕረሰር (ከፍና ዝቅ የሚለውን ድምፅ የሚያቀራርብ) በትንሹ፣ ከዛ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን ገብታችሁ ማይነስ 16 ላፍስ (ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚጮህ መለኪያ) አድርጉት፣ ኦዳሲቲ ማይነስ 23 ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እሱ ለቲቪና ሬዲዮ ስርጭት ነው፣ ለስልክ ያንሳል። መጨረሻ ላይ ሊሚተር (ድምፁ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ የሚያግድ) ማይነስ 1 ዲቢ። ከዛ ታክሲ ውስጥ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ኢርፎን አድርጋችሁ ስሙት፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚሰማው፣ ጠያቂውን ግራ መላሹን ቀኝ አድርጋችሁ ከሆነ ግማሹ ወሬ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ሞኖ ይሁን፣ ሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ አይነት ድምፅ።

ኤክስፖርት ስታደርጉ ኤምፒስሪ ሞኖ 96 ኬቢፒኤስ ይበቃል፣ 10 ደቂቃው 7 ሜጋ አካባቢ ይመጣል፣ ስቴሪዮ ዌቭ (ያልተጨመቀ ፋይል) ቢሆን ከ100 ሜጋ ያልፍ ነበር፣ በሰው ፓኬጅ መጨከን ነው። ዌቩን ለራሳችሁ አስቀምጡ፣ መምህሩ ሊጠይቅ ይችላል። ርዕሱንና የግሩፑን ስም ሜታዳታው (ፋይሉ ይዞት የሚሄደው መረጃ) ላይ በአማርኛ ሙሉ፣ ቴሌግራም ሲያጫውተው ያሳየዋል፣ "ፋይናል ፋይናል 2" እያለ ከሚዞር ይሻላል።

ለመምህሩ መላክና ቻናል ላይ መልቀቅ አንድ አይደለም። "ለትምህርት ነው" ብላችሁ ያናገራችኋቸውን ሰዎች፣ በተለይ ስለ ቤታቸው ወይ ስለ ጤናቸው ያወሩትን፣ ሳትለቁት ደውላችሁ ጠይቁ፣ እምቢ ካሉ ቁረጡት። ፋይሉን መጀመሪያ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ላኩና በሌላ ስልክ አውርዳችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት፣ ከማለቂያው በኋላ የተረሳ ቁራጭ ካለ እዛው ይገኛል።