ግዴታና ፍላጎት የሚፋለሙበት የዓድዋ ልብ ወለድ አጻጻፍ

ስለ ዓድዋ ልብ ወለድ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጦር ሜዳው ይጀምራል፤ እኔ ግን ከክተት አዋጁ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የአፄ ምኒልክ አዋጅ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው በሐዘኑ እንዲረዳ ይለምናል፤ ወስልቶ የሚቀረውን ግን አማላጅ እንደማያስጥለው አስጠንቅቆ፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲገኝ ቀን ይቆርጣል። ለደራሲ ከዚህ የተቆረጠ ቀን የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ቀጥለው የባለታሪክዎን ፍላጎት ከዚሁ ቀን ጋር ያጋጩት። ፍላጎቱ የሚያሳፍር ከሆነ አንባቢ ቶሎ ይፈርድበታልና ማንም የማይነቅፈውን ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሰርጉ ለጥር የተቆረጠ ወጣት ይሁን። ነጋሪት በተጎሰመ ማግስት እናቱ ለሰርጉ ጠላ ያስቀመጠችውን ገብስ አውጥታ ትቆላለች፤ ፈጭታም በሶውን በአቁማዳ ትቋጥርለታለች። እርሱ ደጃፍ ተቀምጦ የወፍጮውን ድምፅ እየሰማ ውጅግራ ጠመንጃውን ይወለውላል። ስለ አገር ፍቅር የሚደሰኩር ሰው እዚህ ትዕይንት ውስጥ አያስገቡ።

ጀግንነትን በገደለው ሰው ብዛት አይለኩት። በጥር ወር ሠራዊቱ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገውን የጣልያን ጦር ከብቦ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃውን ምንጭ ይዞበት ነበር። እንግዲህ ሙሽራችን በሰርጉ ወር፣ በሌሊት፣ ምንጭ ይጠብቃል፤ አንድ የተጠማ ጠላት ኮዳውን ይዞ በደረቱ እየተሳበ ወደ ውሃው ሲቀርብ ያያል። ትእዛዙ ግልጽ ነው፤ ጣቱ ግን ይዘገያል። ከሁሉም ረጅም ሊሆን የሚገባው ምዕራፍ ይህ ነው፤ የየካቲት 23ቱ ውጊያ እንኳ ከዚህ ቢያጥር ቅር አይበልዎ።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ ዘማቾቹ ድሉን አስቀድመው እንዳወቁ አድርገው አያናግሯቸው፤ ወረኢሉ ላይ የሰፈረ ሰው ዓድዋ ላይ እንደሚዋጋ እንኳ አያውቅም።

ሙሽራዪቱንም ቤት አስቀምጠው አይርሷት። እኔ በመጀመሪያው ረቂቄ ረስቻት፣ ሴቶችም ስንቅ እያዘጋጁና ቁስለኛ እያነሡ መዝመታቸው ትዝ ሲለኝ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀድጄ እርሷን ከወላጆቿ ፈቃድ ውጭ ከሠራዊቱ ኋላ ለማስከተል ተገድጃለሁ።