ዲሊት ከማለታችሁ በፊት ቢጊን በሉ

ክላውድ ላይ ያለ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ከተርሚናል የምታስተዳድሩ፣ ዲሊት (ረድፍ ማጥፊያ) ወይም አፕዴት (ረድፍ መቀየሪያ) ከመጻፋችሁ በፊት ቢጊን (BEGIN) ብላችሁ በሰሚኮለን ዝጉና ኢንተር በሉ። ፒኤስኪውኤል (psql፣ የፖስትግሬስ ትእዛዝ የሚጻፍበት ፕሮግራም) ላይ ከዳታቤዙ ስም አጠገብ ትንሽ የኮከብ ምልክት ብቅ ትላለች። እሷ እስካለች ድረስ የምትሠሩት ነገር ገና አልጸናም።

ከዚያ ትእዛዙን ስጡ። «ዲሊት 3» ብሎ ከመለሰና የጠበቃችሁት 3 ረድፍ ከሆነ ኮሚት (አጽና) በሉ። «ዲሊት 48213» ካለ ግን የትኞቹ ረድፎች እንደሚነኩ የምትወስነዋን ዌር ሳትረሱ አልቀራችሁም። አትደንግጡ። ሮልባክ (መልስ) በሉ፣ ሁሉም እንደነበረ ይመለሳል። መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥም ኮሚት ያልተባለው ለውጥ ይሻራል።

ባክአፕ አለ ብላችሁ አትዘናጉ። ለምሳሌ የአማዞን የክላውድ ዳታቤዝ አገልግሎት አርዲኤስ ወደ ኋላ ሲመልስ ነባሩን አያስተካክልም፤ አዲስ ዳታቤዝ ነው የሚያቆመው። የጠፋውን ከዚያ እየለቀሙ ማምጣት አድካሚ ሥራ ነው።

ቢጊን ብላችሁ ግን ቡና ልትጠጡ አትውጡ። የነካችኋቸው ረድፎች ስለሚቆለፉ፣ እነሱን መቀየር የፈለገ ሁሉ እናንተን ቆሞ ይጠብቃል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ደግሞ ድሮፕ ቴብል (ሙሉ ሠንጠረዥ ማጥፊያ) ወዲያው ነው የሚጸናው፤ ሮልባክ አያድናችሁም።