የጭራቅ ተረትን በፊልም አድሶ ለተከታታይ ፊልሞች መነሻ የማድረግ ዘዴ፦ ለጎንደር ጀማሪ የፊልም ባለሙያዎች

በልጅነት የሰማነውን የጭራቅ ወይም የአያ ጅቦን ተረት በአዲስ መልክ በፊልም መሥራት፣ ከዚያም ገጸ ባሕርያቱ የሚገናኙባቸውን ሌሎች ፊልሞች ማስከተል ጀማሪን የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የሚበላሸው ግን በአብዛኛው ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ቀድሞ ሲታሰብ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው የአሠራር መንገድ የ2017ቱን «ዘ ማሚ» የተባለ የአሜሪካ ፊልም እንደ መማሪያ ይዞ የተዘጋጀ ነው፤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሆነውን ማወቅ ይበጃል። ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ ቶም ክሩዝን በመሪ ተዋናይነት፣ ሶፊያ ቡቴላን በጭራቋ ልዕልት በአማኔት ሚና አሰልፎ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ጁን 9 ቀን 2017 በአሜሪካ ለእይታ በቃ። ስቱዲዮው ግን ሦስት ሳምንት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ እርስ በርስ ለሚያያዙ የጭራቅ ፊልሞቹ «ዳርክ ዩኒቨርስ» የሚል ስምና ዓርማ አውጥቶ፣ ጆኒ ዴፕንና ሐቪየር ባርደምን ጨምሮ ገና ባልተሠሩ ፊልሞች የሚተውኑ ዝነኞችን ፎቶግራፍ አሰራጭቶ፣ ለቀጣዩ ፊልምም የካቲት 2019 ላይ ቀን ቆርጦ ነበር። «ዘ ማሚ» በዓለም ዙሪያ ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም በአሜሪካ ያገኘው 80 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ለዝግጅቱና ለማስታወቂያው ከወጣው ገንዘብ አንጻር ይህ እንደ ኪሳራ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቀጣዩ ፊልም ተላለፈ፤ ዕቅዱም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ ሥራውን በጭራቁ ሕግ ይጀምሩ። ጭራቁ ምን ይፈልጋል? ምን ማድረግ አይችልም? ምን ያስፈራዋል? እነዚህን በግማሽ ገጽ ጽፎ መጨረስ ካልተቻለ ወደ ስክሪፕቱ መግባት ጊዜ ማባከን ነው። አማኔት በዚህ ረገድ ጉድለት የለባትም፤ የዙፋን ተስፋዋ ሲነጠቅ ቤተሰቧን የፈጀች፣ ከነሕይወቷ የተቀበረች፣ ስትነቃም የምትፈልገውን አጥርታ የምታውቅ ናት። ችግሩ የሚመጣው በመካከሉ ነው። ልዕልቲቱ ለንደን ውስጥ ባለ የምሥጢር ድርጅት ቤተ ሙከራ በሰንሰለት ስትታሰር፣ ራስል ክሮው የሚጫወተው ዶክተር ጄኪል ስለ ድርጅቱና በዓለም ስላሉ ሌሎች ጭራቆች ማስረዳት ይጀምራል፤ የፈራነውም ነገር ታስሮ ማብራሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ይህን በራስዎ ጽሑፍ ላይ ለማጣራት ቀይ እስክሪብቶ ይያዙና ሁለተኛው ፊልም ከቶ ባይሠራ ትርጉም የሚያጣውን እያንዳንዱን ቃለ ምልልስ ያስምሩበት። የተሰመረበት ሁሉ ይውጣ። እውነቱን ለመናገር ይህ ያማል፤ ጸሐፊው በጣም የሚወደው ብዙውን ጊዜ ይኸው ክፍል ነውና።

ማገናኛ ዕቃ ማስቀመጥ ግን ክልክል አይደለም። በዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሹል ጥርስ ያለው የራስ ቅልና በብርጭቆ ዕቃ የተቀመጠ ቅርፊታም እጅ ለቅጽበት ይታያሉ፤ የስቱዲዮውን ሌሎች ጭራቆች ያወቀ ይደሰታል፣ ያላወቀም የሚጎድልበት ነገር የለም። ለእኛ ፊልም ለምሳሌ ክታብ እንውሰድ። በሕፃኑ አንገት ላይ የታሰረው ክታብ የቆዳው ስፌት በአንድ ጎኑ ተተርትሮ፣ ውስጡ የነበረው ብራና ወጥቶ ባዶውን ይገኛል። በመጀመሪያው ፊልም የዚህ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ጭራቁ እንዴት ወደ ቤቱ ሊገባ እንደቻለ ያሳያል። ብራናውን የጻፈው ደብተራ ማን እንደነበረና ማን እንደወሰደው የሚለው ጥያቄ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ጭራቁን በመምረጥ ረገድ በጎንደር ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። ወደ ጅብ ይለወጣል የሚባለው የቡዳ ታሪክ ለፊልም የተመቸ ይመስላል፤ ሆኖም ይህ ስም ለዘመናት በአንጥረኞች፣ በሸክላ ሠሪዎችና በቤተ እስራኤላውያን ላይ ሲለጠፍ የኖረ፣ ሰዎችን ከጎረቤት ያገለለና ለጥቃት ያጋለጠ ነው። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረውን የወለቃን መንደር የሚያውቅ ተመልካች ይህን ሳያስታውስ ፊልሙን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ጭራቁን የማንም ሙያና የማንም ዘር ምልክት በሌለው አካል ማበጀት ይገባል። ታሪኩ የግድ ቡዳን የሚነካ ከሆነም አስፈሪው ነገር ተጠርጣሪው ሳይሆን በሌሊት ችቦ ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ይሁን፤ በእኔ አስተያየት ይህኛው የበለጠ የሚያስፈራ ፊልም ይወጣዋል።

የገንዘብ እጥረት ራሱ መንገድ ያሳያል። በ1932 በተሠራው የመጀመሪያው «ዘ ማሚ» ጭራቁን የሚጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ በመግነዝ ተጠቅልሎ የሚታየው በመክፈቻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያስፈራው በፊቱና በእርጋታው ነው። ዩኒቨርሳልም ከውድቀቱ በኋላ በ2020 ያወጣው «ዘ ኢንቪዝብል ማን» (የማይታየው ሰው) 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ወጥቶበት ከ140 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል፤ በዚያ ፊልም ካሜራው ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ባዶ ጥግ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ የነበረ ውሻ ድንገት ዝም ሲል፣ ቡና የምትቆላው እናት እጇን ከምጣዱ ላይ አንሥታ ወደ በሩ ስትመለከት መቅረጽ ምንም ወጪ የለውም።

ለቀረጻ ብዙዎች የሚያስቡት የፋሲል ግቢን ነው። ግቢው ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ፣ እሳትም ሆነ ምስማር ወደ ግድግዳው አለማስጠጋት ግዴታ ነው። ከዚህ ሌላ ግን ግንቡን በየሠርጉ ቪዲዮ ያየ የጎንደር ተመልካች በዚያ ሥፍራ ሙሽራ እንጂ ጭራቅ አይጠብቅም። የጭቃ ቤት ጓዳ ወይም በአንገረብ በኩል ያለ ጭር ያለ መንገድ ይመረጣል። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ንግግር ለመቅረጽ መሞከር ከንቱ ልፋት ነው፤ የዝናቡንና የጅቡን ድምፅ ለየብቻ ቀርጾ በኤዲቲንግ ማስገባት ይሻላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ባትሪዎቹ ከዋዜማው ሞልተው ይደሩ።

ገጸ ባሕርያቱን ለማገናኘት አይቸኩሉ። ይኸው ስቱዲዮ ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን በ1931፣ ተኩላ ሰውን በ1941 ለየራሳቸው አቅርቦ፣ የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ከተኩላ ሰው ጋር ያገናኘው በ1943 ነበር፤ ያኔ ተመልካቹ ሁለቱንም ያውቃቸው ነበር። የማርቭል ተያያዥ ፊልሞች መነሻ የሆነው የ2008ቱ «አይረን ማን»ም ስለ ቀጣዩ ያነሣው የባለሙያዎቹ ስም ዝርዝር ካለቀ በኋላ በመጣች አንዲት አጭር ትዕይንት ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ ፖስተሩ ላይ «ክፍል አንድ» ብለው አይጻፉ። በመጀመሪያ ለሰፈር ሰዎች ያሳዩ፤ ከዚያም ምንም ሳያስረዱ ከኋላ ተቀምጠው ወሬያቸውን ያዳምጡ። ብራናውን የወሰደው ማን ነው እያሉ የሚከራከሩ ከሆነ የሁለተኛው ስክሪፕት መነሻ ተገኝቷል። ስለ ክታቡ ማንም ካላነሣ ደግሞ እርሱን ትተው ያነሡትን ነገር ይጻፉ፤ ምንም ካላነሡም ቀጣዩ ሥራዎ ከዚህ ጋር የማይገናኝ ሌላ ፊልም ይሁን።