በክረምት ከጅማ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ስትወርዱ እነዚህን አትሳሳቱ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንግዳ ሲመጣብኝ ጅማ ከተማ ውስጥ አላስቀምጠውም። በቦንጋ መንገድ ይዤው እወጣለሁ። ሰቃና ሸቤ፣ በለጠ-ጌራ የሚባለውም ደን ይታለፋሉ፣ ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል። ጉሙ ከሸለቆው ሲነሳ ማየት በጣም እወዳለሁ። ግን ብዙ ሰው በማይረባ ስህተት ቀኑን ያበላሻል።

አንዳንዱ ከነጭራሹ ይቀራል። «ዝናብ ነው፣ በበጋ ይሻላል» ይላል። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፣ እውነት ነው። ሸለቆው ግን እንደ ክረምቱ አይለመልምም፤ በክረምት ከየገደሉ የሚወርደውም ጅረት ይደርቃል።

ሌላው አርፍዶ ይወጣል። ቁርስ፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ «ምሳ በልተን እንሂድ»። እኛ ጋ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ምሳ በልቶ የወጣ ሰው ሸለቆውን በመኪና መስታወት አይቶ ይመለሳል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከጅማ ውጡ። ጉም ካለ ሹፌሩን አታጣድፉት፤ ፀሐይ ከፍ ስትል ራሱ ይነሳል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ጅረት መሻገር ነው። አንድ ነሐሴ ከአክስቴ ልጅ ጋር በእግር ስንሄድ ከጉልበት በታች የሆነች ውሃ አገኘን። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነበር። ጫማችንን አውልቀን ልንገባ ስንል ከማዶ ከብት የሚጠብቁ አባት ጮኹ፦ «ልጆቼ ቁሙ! ላይ ዘንቧል!» ቆምን። ብዙም ሳይቆይ ውሃው ደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መጣ። ከዚያ ድንጋይ ሲያንከባልል ሰማነው። የአክስቴ ልጅ እጄን እንደያዘች አልለቀቀችም። እንዲህ ያለ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። የሚሞላው እናንተ ያላችሁበት ስለዘነበ ሳይሆን ተራራው ላይ ስለዘነበ ነው። ስለዚህ ቀና ብላችሁ ተራራውን እዩ። ውሃው ቀለሙን ከቀየረ ወይም ቅጠል ማምጣት ከጀመረ ወደ ዳገቱ ሽሹ። ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል። ከሞላ ጠብቁት። ጎርፍ መንገድ ሲያቋርጥም እንደዚያው ነው፤ ሹፌሩ «እናልፋለን» ቢል እሺ አትበሉት።

ልብስ ላይ ደግሞ ሰው ለጅማ አየር ለብሶ ይመጣል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ናት። ደኑ ያለበት ዳገት ይበርዳል፣ ጎጀብ ስትወርዱ ደግሞ ይሞቃል። ስለዚህ ተደራራቢ ልብስ ያዙ። ጂንስ ከራሰ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም። ቀዩ ጭቃ ያዳልጣል፤ ነጭ ስኒከር ቤት ይቅር፣ ሶሉ የሚቆነጥጥ ጫማ ወይም ቦቲ አድርጉ። ስልካችሁን በፌስታል ጠቅልሉት።

ወባን መርሳትም አለ። ጎጀብ ቆላ ነው። ወደ ማታ እዚያ ከቆያችሁ እጅጌና ሱሪያችሁ ረጅም ይሁን፣ ካደራችሁ በአጎበር ተኙ። ከሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ትኩሳትና ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። ተመርመሩ፤ ጎጀብ እንደነበራችሁም ተናገሩ።

ደኑ ውስጥ ያለ ቡና ባለቤት የሌለው የሚመስለውም ብዙ ነው። ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ ይሰብራል፣ ፍሬ ይሸመጥጣል። በክረምት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በደን ውስጥ ያለ ቡናም የገበሬ እንጀራ ነው። ነዋሪዎቹ ዋቡብ በሚባሉ ማኅበራት ተደራጅተው ደኑን ይጠብቃሉ። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎም የሰው ነው፣ አትጠጉት። ወደ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ መንገድ የሚመራችሁ ካገኛችሁም ተስማምታችሁ ክፈሉት።

ሰላምታ ሳይሰጡ ካሜራ ማውጣትም ነውር ነው። «አካም ጅርቱ» በሉ። ሲያግዟችሁ «ገለቶማ» በሉ። ይህን ያለ እንግዳ ብዙ ጊዜ «ግባ፣ ቡና ጠጣ» ይባላል። አቦል ቀምሶ መነሳት ደግሞ አያምርም፤ ቶናውም በረካውም አለ። በ12 ሰዓት ውጡ ያልኳችሁ ለዚህም ጊዜ እንዲተርፋችሁ ነው።