ጊታር ሜታሊክ ስትቀቡ ብርዱን ተጠንቀቁ

አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታራችሁን ሜታሊክ (የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት አብረቅራቂ ቀለም) ለመቀባት ያሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣጣው ያለው ብርዱ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጋ ጠዋት ውርጭ፣ ክረምት ደግሞ ጉም። የተረጨው ቲነር ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ ወተት የነካው ይመስላል። ስለዚህ በጋ ላይ፣ ከረፋዱ አራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ እርጩ። ጊታሩም ቀለሙም ቤት ውስጥ ይደሩ። የሚረጨውን ቀለም ጣሳ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ከሰል አጠገብ ግን እንዳታስቡት፣ ይፈነዳል።

ሜታሊኩን በስሱ፣ ደጋግማችሁ እርጩ። ጣሳውን ቶሎ ቶሎ ነቅንቁት፣ የአሉሚኒየም ብናኙ ይዘቅጣል። አንዴ አወፍራለሁ ካላችሁ ዥንጉርጉር ይሆንባችኋል። ደግሞ በምንም ተአምር ሜታሊኩን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት! ብናኙ ይቆረጥና ጠባሳ ይተዋል። የሚፈገፈገው ከላይ የሚረጨው ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው ሽፋን ነው፤ እሱም በደንብ ከደረቀ በኋላ፣ በውሃ፣ ከ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ።

ለቀለሙ አትጨነቁ፣ የመኪና ቀለም ይሆናል። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደርም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያንኑ ነበር የሚጠቀመው፤ ሌክ ፕላሲድ ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ከካዲላክ መኪና የመጣ ነው። ጋራዥ ያሉ ቀለም ቀቢዎች ይቀምሙላችኋል። ማስክ አትርሱ። ብቻ ጊታሩ የፋብሪካ ቀለሙ ያልተነካ ውድ ዕቃ ከሆነ ተዉት፣ ዋጋው ይወርዳል።