ቪም ሲደርቅ መጀመሪያ ኮንትሮልና ኪውን ይሞክሩ
በዩኒክስ ወይም በሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ቪም በተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም እየጻፉ ሳለ ስክሪኑ በድንገት ቢደርቅብዎ፣ መስኮቱን ከመዝጋትዎ በፊት ኮንትሮልን ይዘው ኪው የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ። ትናንት ማታ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ካፌ ሆኜ ሰርቨር ላይ ስሠራ፣ ፋይሉን ለማስቀመጥ በለመደ እጄ ኮንትሮልና ኤስን ስነካ ጠቋሚው ቀጥ አለ፤ እኔም ያለ ጥፋቱ ኔትወርኩን ረገምሁ። ይህ የኮንትሮልና የኤስ ጥምረት ከቴሌታይፕ (በሽቦ ጽሑፍ የሚልክ የድሮ መሣሪያ) ዘመን የተወረሰ፣ ወደ ስክሪን የሚሄደውን ጽሑፍ የሚያስቆም ምልክት እንጂ የፕሮግራሙ ሞት አይደለም፤ ኮንትሮልና ኪው ደግሞ የቆመውን መልሶ ይለቀዋል። በመሃል የነካኳቸው ቁልፎች ተጠራቅመው ኋላ በአንድ ጊዜ ስለተፈጸሙ ሁለት መስመር አጥፍተውብኛል፤ ስለዚህ እጅዎን ይሰብስቡ። ይህ እንዳይደገም ለዘለቄታው በባሽ (የተርሚናሉን ትእዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይልዎ ውስጥ «ኤስቲቲዋይ» የተባለውን ትእዛዝ፣ ከክፍት ቦታ ቀጥሎ ሰረዝና «አይኤክስኦኤን» አስከትለው፣ በላቲን ፊደል ይጻፉ።